የሐይቅ ዳርቻ ከየት እስከ የት ነው?

ለንባብና ለውይይት የተዘጋጀ ትምህርት

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሐይቅና ስለ መናፈሻ ነው። «መናፈሻ የከተሜ ነገር ነው፤ ለእኛ ለገበሬዎቹ ምን ይረባናል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ እስከ መጨረሻው አብረን እናንብበው። ከዚያ በኋላ እናንተው ፍረዱ።

ጽሑፉ ረዘም ያለ ነው። በአንድ ቀን መጨረስ ግድ አይደለም። ለየክፍሉ ቁጥር ተሰጥቶታል። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ማንበብ ይቻላል። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብና ሌሎቹ እያዳመጡ ቢጠይቁ ይበልጥ ይገባል።

አዳዲስ ቃላት

በመጀመሪያ እነዚህን ቃላት ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

መ-ና-ፈ-ሻ። መናፈሻ፦ ሰው አየር የሚቀበልበት፣ አረፍ የሚልበት ቦታ።

ፓ-ር-ክ። ፓርክ፦ መንግሥት በሕግ ከልሎ የሚጠብቀው የዱር አራዊት፣ የደን ወይም የውሃ ቦታ።

ዳ-ር-ቻ። ዳርቻ፦ ውሃና የብስ የሚገናኙበት ቦታ።

ደ-ለ-ል። ደለል፦ ጎርፍ ተሸክሞ አውርዶ ውሃ ውስጥ የሚያስቀምጠው አፈር።

ካ-ሣ። ካሣ፦ ለተወሰደ ወይም ለጠፋ ንብረት የሚከፈል ምትክ።

ቃ-ለ ጉ-ባ-ኤ። ቃለ ጉባኤ፦ በስብሰባ ላይ የተባለውና የተወሰነው የሚጻፍበት ወረቀት።

1. የሰኞው ጥያቄ

እኔ የማስተምረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ሰኞ ሰኞ ከየገጠሩ የሚመጡ ሰዎች ያመጡትን ሸጠው፣ የሚገዙትን ገዝተው ሲጨርሱ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ይማራሉ። ከእነሱ መካከል አንድ የዕድሜ ባለጸጋ አባት አሉ። ማሳቸው ከሐይቅ ዳር ነው። ፊደል መቁጠር የጀመሩት ዘንድሮ ነው።

አንድ ሰኞ ከኪሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። እኔ ለመቀበል እጄን ስዘረጋ፣ «የለም፣ አንተ አታንብበው። እኔው ላንብበው፤ ስሳሳት አርመኝ» አሉኝ። ወረቀቱ የስብሰባ ጥሪ ነበር። ፊደሉን አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ላብ በላብ ሆኑ። «የሐይቁን ዳርቻ ለመናፈሻ ስለመከለል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ልጄ፣» አሉኝ፤ «ዳርቻ ሲል ከየት እስከ የት ነው? የእኔም ማሳ ዳርቻ ውስጥ ነው ወይ?»

ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ሜትር አልተጻፈበትም። ካርታም የለውም። «ዳርቻ» ብሎ ዝም ነው። አስተማሪ ሆኖ «አላውቅም» ማለት ያሳፍራል። እኔ ግን «አባባ፣ አላውቅም። አጣርቼ እመጣለሁ» አልኳቸው። ይህ ትምህርት ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው።

2. ፓርክ፣ መናፈሻና ሪዞርት አንድ ናቸው ወይ?

አንድ አይደሉም። በወሬ ላይ ይደባለቃሉ፤ በወረቀት ላይ ግን መለየት አለባቸው።

ፓርክ በሕግ የተከለለ ቦታ ነው። በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው በአሜሪካ አገር የሚገኘው የሎውስቶን ነው። የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። በውስጡ ትልቅ ሐይቅ አለ። በዚያ አገር ከማዕከላዊው መንግሥት ሌላ እያንዳንዱ ክፍለ አገር የራሱ ፓርኮች አሉት። ብዙዎቹ የሐይቅ ዳር ፓርኮች ናቸው። ሰው በጀልባ ይንሸራሸርባቸዋል፤ ይዋኝባቸዋል፤ ድንኳን ተክሎ ወይም ጎጆ ተከራይቶ ያድርባቸዋል።

በአገራችንም ፓርኮች አሉ። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሁለት ሐይቆችን ይዟል። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው ውሃ ነው። ወደ እኛው እንመለስ ካልንም በደቡብ ወሎ የቦረና ሳይንት ወረኢመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ። እሱ እንኳ የሐይቅ ሳይሆን የደንና የተራራ ፓርክ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይገኙበታል።

መናፈሻ ግን የግድ ፓርክ አይደለም። ዛፍ፣ መቀመጫ፣ የእግር መንገድ፣ የልጆች መጫወቻ ካለው መናፈሻ ይባላል። የከተማ አስተዳደር ወይም ማኅበር ሊሠራው ይችላል።

ሪዞርት ወይም ሎጅ ደግሞ የንግድ ቤት ነው። እንግዳ ከፍሎ ይበላል፤ ይጠጣል፤ ያድራል። በላንጋኖ ሐይቅ ዳር፣ በቢሾፍቱ በባቦጋያ ሐይቅ ዳር፣ በሐዋሳ እንዲህ ያሉ ብዙ ቤቶች አሉ። በጣና ሐይቅ ሰሜን ዳርቻ፣ በጎርጎራም የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» በሚል ስም ከተመረጡት የልማት ቦታዎች ናቸው።

እንግዲህ ወረቀት ሲደርሳችሁ በመጀመሪያ ይህን ለዩ። የሚከለለው ለጥበቃ ነው? ለሕዝብ መናፈሻ ነው? ወይስ ለአንድ ባለሀብት ማረፊያ ቤት ነው? ሦስቱም ክፉ አይደሉም። ነገር ግን ሦስቱ የሚሰጡትም የሚወስዱትም የተለያየ ነው።

3. ሐይቃችንን እንወቅ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። ወረዳው ተሁለደሬ ነው። ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ ይባላል። ውሃውን ሎጎ የሚሉትም አሉ። ከእሱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ።

የሐይቅ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ደግሞ ከባድ ነው። ጥልቅ በሆነው ቦታ ከ80 ሜትር ይበልጣል። አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ቢቆምበት ጫፉ አይታይም። ስለዚህ ዋና የማይችል ሰው «ዳሩ ቅርብ ነው» ብሎ መድፈር የለበትም። ልጆችንም መጠበቅ ያስፈልጋል።

በሐይቁ ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ትልቅ የትምህርት ቦታ አደረጉት። ብዙ ሊቃውንት ከዚያ ወጥተዋል። መጻሕፍት ተጽፈውበታል፤ ተጠብቀውበታል። እንግዲህ በዚህ ሐይቅ ዳር ማንበብና መጻፍ ያረጀ ሥራ ነው። ዛሬ እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ አዲስ ነገር አላመጣችሁም፤ የአገራችሁን የቆየ ሙያ ነው የያዛችሁት።

ገዳሙ ያለበት ቦታ ጥንት ደሴት ነበር። ዙሪያውን ውሃ ከቦት በታንኳ ነበር የሚገባው። ኋላ ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተያያዘ። ዛሬ በእግር ይገባል። ይህን ልብ በሉ። ዳርቻ አንድ ቦታ ተቸክሎ አይኖርም። ውሃው ይሸሻል፤ ይመለሳልም።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚነገር ተረት አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች ይባላል። ፈጣሪ በዚህ ተቆጣ፤ አገሩን ሁሉ ውሃ አደረገው። የተረፈችው ያቺ የተበደለችው ሴት የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ናት ይባላል። እሷም ደሴቲቱ ሆነች። ተረት ነው። ግን የወሎ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሐይቁንና ፍርድን አያይዞ ማየቱን ያሳያል።

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ። በሐይቁ አምባዛ ከጥንት አለ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ግን የገባው በ1970 ዓ.ም. ግድም ነው። ሰው አምጥቶ ለቀቀው፤ ተራባ። ዛሬ የሐይቅ ዓሣ የብዙ ቤት መተዳደሪያ ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ በእረፍት ቀን ወደ ሐይቅ የሚወርደው ሰው ዓሣ ሊበላ፣ በጀልባ ሊንሸራሸር፣ በዳርቻው ባሉት ማረፊያዎች ሊቀመጥ ነው የሚሄደው።

የቆሮሶ አረባብ ይገርማል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ከዳር አካባቢ፣ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም ተመልሰው አፏ ውስጥ ይሸሸጋሉ። እንግዲህ ዳርቻው የዓሣው ማሳደጊያ ነው። ዳርቻው ከተረበሸ፣ ከተደፈነ፣ በጠባብ መረብ ከተጠረገ የከርሞው ዓሣ የለም።

4. የላይኛው ማሳና የታችኛው ውሃ

ሐይቃችን አንድ ጠባይ አለው። የሚገባበት ውሃ አለ፤ በገሃድ የሚታይ መውጫ ወንዝ ግን የለውም። ማፍሰሻ እንደሌለው ጋን ቁጠሩት። ፀሐይ ውሃውን ትጠጣለች። አፈሩ ግን የትም አይሄድም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ታዲያ ምን ይገባል? ክረምት ሲመጣ ከተራራው ጎርፍ ይወርዳል። እርከን የሌለውን ማሳ አፈር ጠርጎ ያወርዳል። ይህ አፈር ለገበሬው ኪሳራ ነው። ለሐይቁ ደግሞ ደለል ነው። ከአፈሩ ጋር ፍግና ማዳበሪያ ይወርዳል። ማሳ ላይ ስንዴ የሚያሳድገው ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓይን የማያየውን ረቂቅ አረንጓዴ ተክል ያሳድጋል። ውሃው ይለመልማል። «ማለምለሙ ምን ክፋት አለው?» ትሉ ይሆናል። ይህ ረቂቅ ተክል ሲበዛና ሲሞት ይበሰብሳል። ሲበሰብስ በውሃ ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። ዓሣ ደግሞ እንደ እኛ አየር ይፈልጋል። አየር ሲያጣ ታፍኖ ይሞታል። የሐይቅ ውሃ በቀድሞ ዘመን ጥርት ያለ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አረንጓዴነት በዛበት።

ይህን የሚያስቀር ነገር አለ። እሱም ዳርቻ ላይ የሚበቅለው ፊላ፣ ደንገልና ቄጠማ ነው። እናቶቼ፣ ወንፊት ምን እንደሚሠራ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ፊላና ቄጠማ የሐይቁ ወንፊት ናቸው። ጎርፉን ያበርዱታል። አፈሩን ይይዙታል። ማዳበሪያውን ራሳቸው ይመገቡታል። ጠርቶ የሚያልፈው ውሃ ነው። ማሳው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ሲታረስ ወንፊቱ ተቀደደ ማለት ነው።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ ገበሬው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ማረፊያ ቤት ሲሠራም ፊላው «እይታ ከለለ» ተብሎ ይመነጠራል። የመጸዳጃና የወጥ ቤት እጣቢ ጉድጓድ ካልተዘጋጀለት ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እንግዳው የሚጥለው ላስቲክ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ገበሬውም ባለሆቴሉም አንድ ጋን ውስጥ ነው የሚያፈሱት።

አሁን ለአባባ ጥያቄ ግማሽ መልስ አገኘን። በሕግ ወረቀት ዳርቻ ማለት የሜትር ጉዳይ ነው። በውሃው ዘንድ ግን ዳርቻ የሚጀምረው ከተራራው ጫፍ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ እርከን ሲሠራ ሐይቁን እየጠበቀ ነው። ከላይ ያለው እርከኑን ሲያፈርስ ከታች አጥር ቢታጠር፣ ዘበኛ ቢቆም፣ መናፈሻ ቢተከል ዋጋ የለውም።

5. ሐይቅ ይሞታል ወይ?

አዎ፣ ይሞታል። ሩቅ አንሂድ።

በሐረርጌ፣ ከሐረር ከተማ ብዙም ሳይርቅ የዓለማያ ሐይቅ ነበር። ዛሬ ሐረማያ ይባላል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣበት ነበር። ከዙሪያው ተራራ ደለል ይወርድበት ነበር። ሁሉም ወሰደ፤ የመለሰ የለም። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ግድም ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ ከብት የሚውልበት ሜዳ ሆነ። የሐረር ሰው ውሃ ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ እንዲመጣለት ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ውሃው ተመልሶ መታየት ጀምሯል። የዙሪያው ገበሬም እርከን በመሥራት ደክሟል። የሞተ ሐይቅ ሊመለስ ይችላል። ግን በመካከል ስንት ቤት እንደተቸገረ አስቡ።

ሁለተኛው ምሳሌ አብያታ ነው። አብያታ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል። ፓርክ መባሉ ብቻ ግን አላዳነውም። ወደ እሱ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ከላይ ለመስኖ ይወሰዳል። ከራሱም ከሐይቁ ለሶዳ ፋብሪካ ውሃ ሲሳብ ኖሯል። ውሃው እያነሰ ጨዋማነቱ በረታ። ዓሣው አለቀ። ዓሣ የሚበላው ትልቁ ወፍ ዓሣ ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ ሄደ። «ፓርክ» የሚል ሰሌዳ መትከል ቀላል ነው። ውሃውን መጠበቅ ግን የላይኛውንም የታችኛውንም ሰው ስምምነት ይጠይቃል።

በጣና ደግሞ እምቦጭ የሚባል አረም መጣ። በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ግድም ነው። የዳርቻው ገበሬ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ነቅሏል። እምቦጭም የሚፋፋው ከማሳና ከከተማ በሚወርደው ምግብ ነው። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኔስኮ ከመዘገባቸው የባዮስፌር ቦታዎች አንዱ ነው። በዚህ አሠራር ቦታው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ጨርሶ የማይነካ ነው። ሁለተኛው በጥንቃቄ የሚሠራበት ነው። ሦስተኛው ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው። ገበሬውን ሁሉ ሳያስነሱ ውሃን መጠበቅ እንደሚቻል ይህ ያሳያል።

6. የወንጪ ወረፋ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከአምቦና ከወሊሶ መካከል ወንጪ የሚባል ሐይቅ አለ። በተራራ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ውብ ውሃ ነው። የወንጪ ገበሬዎች እንግዳ ሲበዛባቸው ማኅበር መሠረቱ። እንግዳ ሲመጣ ፈረስ የሚያቀርበው፣ በጀልባ የሚያሻግረው፣ መንገድ የሚመራው የማኅበሩ አባል ነው። ሥራው በወረፋ ነው። ዛሬ የአንዱ ፈረስ፣ ነገ የሌላው። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች። ኋላም የመንግሥት የልማት ሥራ ተጨምሮበት ትልቅ ማረፊያ ተሠርቶባታል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ገበሬው በማኅበር ሆኖ ሲቀርብ ከመናፈሻው የሚያገኘው የዘበኝነት ደመወዝ ብቻ አይደለም። ፈረሱ፣ ጀልባው፣ ማሩ፣ ዓሣው፣ ሰፌዱ፣ ጋቢው ሁሉ ገበያ ያገኛል። ተነጣጥሎ ሲቀርብ ግን አንዱ የአንዱን ዋጋ ይሰብራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸው ነው።

7. ሕጉ ምን ይላል?

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ሕግ ግን የተጻፈ ነገር ነው። ማንበብ የቻለ ሁሉ ሊያየው ይገባል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ክፈቱ። አንቀጽ 40 ገበሬው መሬት ያለ ክፍያ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ እነሱን በሚነካ ፕሮጀክት ላይም አስተያየታቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከቦታው የተነሣ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ ምትክ ይገባዋል ይላል። ሦስቱን ቁጥሮች ያዙ፤ 40፣ 43፣ 44።

በ1995 ዓ.ም. የወጣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ አለ። ቁጥሩ 299 ነው። ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በውሃና በአፈር ላይ የሚያመጣው ጉዳት እንዲጠና ያዛል። ጥናቱም ለሕዝብ እንዲቀርብና የነዋሪው ሐሳብ እንዲሰማ ያዛል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚወሰድበትና ካሣ ስለሚከፈልበት ሁኔታ አዋጅ ቁጥር 1161 ወጥቷል። ባለይዞታው በጽሑፍ እንዲነገረውና ካሣ እንዲከፈለው ይደነግጋል። ከዚያ በኋላ ማሻሻያ ወጥቶለታል። ስለዚህ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አሁን የሚሠራበትን ጠይቃችሁ፣ አይታችሁ፣ አስነብባችሁ ውሰዱ።

በቤታችሁ ያለውን የመሬት ይዞታ ደብተርም አውጡ። ከሣጥን ግርጌ አይረሳ። የባልም የሚስትም ስም የሰፈረበት ከሆነ ሚስት ሳትጠየቅ ባል ብቻውን መፈረም የለበትም። እናቶቼ፣ ፊደል መማራችሁ ለዚህ ቀን ነው።

8. ሜትር ለምን ይጠየቃል?

እስቲ በቁጥር እንየው። የአንድ ገበሬ ማሳ በውሃው ዳር 100 ሜትር ርዝመት አለው እንበል።

ከውሃው 10 ሜትር ቢከለል፦ 100 × 10 = 1,000 ካሬ ሜትር።

ከውሃው 30 ሜትር ቢከለል፦ 100 × 30 = 3,000 ካሬ ሜትር።

ከውሃው 50 ሜትር ቢከለል፦ 100 × 50 = 5,000 ካሬ ሜትር።

አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ብለን ብናስብ አንድ ጥማድ 2,500 ካሬ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ 10 ሜትር ሲከለል ከግማሽ ጥማድ ያነሰ መሬት ይሄዳል። እሱ ሣር ቢበቅልበት፣ ታጭዶ ለከብት ቢሰጥ ገበሬውም አይጎዳ፤ ሐይቁም ወንፊት ያገኛል። 50 ሜትር ሲከለል ግን ሁለት ጥማድ ይሄዳል። ለብዙ ሰው ይህ የዓመት ቀለብ ነው። «ዳርቻ» የምትለው አንዲት ቃል ግማሽ ጥማድም ሁለት ጥማድም ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ቃሉ ላይ ቁጥር ይጻፍበት ማለት ተንኮል አይደለም። ልማትን መቃወምም አይደለም። ሥራን ከሥር ማጥራት ነው።

9. ምን እናድርግ?

በማሳችን፦ ስለ እርሻ እናንተን ላስተምር አልነሣም። የወሎ ገበሬ እርከንን ከእኔ በላይ ያውቃል። ከውሃው አጠገብ ያለውን ቁራጭ አለማረስ፣ ሣርና ፊላ እንዲይዘው መተው፣ ቦረቦሩን በክትር ማሰር፣ ማዳበሪያን ጎርፍ በሚመጣበት ቀን አለመበተን ይጠቅማል።

በውሃው፦ ጠባብ መረብ አለመጣል። ትንንሹን ዓሣ መመለስ። ዓሣው በሚራባበት ወቅት ዳርቻውን ማሳረፍ።

በስብሰባው፦ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች መጠየቅ። አንደኛ፣ ስንት ሜትር ነው? ሁለተኛ፣ ለፓርክ፣ ለመናፈሻ ወይስ ለሪዞርት ነው? ሦስተኛ፣ እጣቢውና ቆሻሻው የት ይሄዳል? አራተኛ፣ ለተነካው ሰው ምን ይሰጠዋል፤ መቼ? አምስተኛ፣ ከብት ውሃ የሚጠጣበት፣ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት፣ ዓሣ አጥማጅ ታንኳ የሚያስገባበት መንገድ ይቀራል ወይ?

መልሱ በቃል ብቻ አይቅር። በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ሳታነቡ አትፈርሙ።

10. አባባ ምን አሉ?

በሚቀጥለው ሰኞ ያጣራሁትን ይዤ ሄድኩ። ጥያቄዎቹን በትልቁ ጽፌ ሰጠኋቸው። ወስደው ሲለማመዱ ሰነበቱ። ስብሰባው ከተደረገ በኋላ መጡ። «እህ፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ስንት ሜትር? ብዬ ጠየቅሁ» አሉ። «አንድ ነገር ግን አንተ አልጻፍክልኝም። ከየትኛው ውሃ ነው የሚለካው? ከክረምቱ ወይስ ከበጋው? በክረምት ውሃው እማሳዬ ይገባል፤ በበጋ ይሸሻል። ከክረምቱ ውሃ ከለኩ ጎተራዬ ድረስ ይደርሳል።»

እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ገዳሙ ጥንት ደሴት እንደነበረ አንብቤያለሁ፤ ውሃ እንደሚሸሽና እንደሚመለስ አውቃለሁ። ግን ጥያቄውን ያመጣው ዳርቻው ላይ የሚኖረው ሰው ነው። እናንተም ስድስተኛ አድርጋችሁ ጻፉት።

«ታዲያ ምን መለሱ?» አልኳቸው።

«‹ወደፊት ይገለጻል› አሉ። እኔም ‹እንግዲያው ጥያቄዬ ይጻፍ› አልኩ። ጻፉት። ከመፈረሜ በፊት እኔው ራሴ አነበብኩት። አንዲት ቃል ጎድላ ነበር፤ አስጨመርኳት። ከዚያ ስሜን ጻፍኩ። በፊት በዚህ ነበር የምፈርመው» ብለው አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

ጉዳዩ ገና አላለቀም። ሜትሩ ገና አልተነገረም። ሲነገር ግን የሚያነበው ሰው አለ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. በጽሑፉ መሠረት መልሱ።

1. ፓርክ፣ መናፈሻና ሪዞርት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

2. ፊላና ቄጠማ የሐይቅ ወንፊት የተባሉት ለምንድን ነው?

3. የሐረማያ ሐይቅ ለምን ደረቀ?

4. አብያታ ፓርክ ተብሎ ሳለ ለምን ተጎዳ?

ለ. አስሉ።

1. የሐይቅ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ነው። ሐይቁ ስንት ሄክታር ይሆናል?

2. በአንድ ማኅበር 40 ፈረሶች አሉ እንበል። በቀን 10 እንግዶች ቢመጡና አንዱ እንግዳ አንድ ፈረስ ቢይዝ፣ የአንዱ ፈረስ ወረፋ በስንት ቀን አንዴ ይደርሳል?

3. ማሳችሁ ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ዳር ከሆነ የዳሩን ርዝመት በእርምጃ ለኩ። 20 ሜትር ቢከለል ስንት ካሬ ሜትር ይሆናል?

ሐ. ተወያዩ።

1. በቀበሌያችሁ ያለው ውሃ፣ ወንዝም ይሁን ምንጭ፣ «ዳርቻው» ከየት እስከ የት ነው ትላላችሁ? ከላይ የሚያርሰውና ከታች የሚጠጣው ሰው በዚህ ይስማማሉ?

2. በውሃው ዳር መናፈሻ ቢሠራ ምን ታገኛላችሁ? ምን ታጣላችሁ? ሁለቱን ጎን ለጎን በደብተራችሁ ጻፉ።

የስሌቱ መልስ፦ 1. 2,300 ሄክታር። 2. በ4 ቀን አንዴ። ሦስተኛውን መልስ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።